ወለድ የለውም

ሄራን የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። አባቷ አቶ ተክለሚካኤል ጋራዡ ውስጥ ሆነው ስልክ ያወራሉ። በሩ ገርበብ ብሏል። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ ይመስላቸዋል፤ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ግን በሹክሹክታ የሚያወሩት ሁሉ ሳሎን ድረስ ይሰማል።

"አይ ጤናዬ፣ እንደሱማ አይባልም" ይላሉ። "እዚያ ሱቅ የወሰደሽ ማነው? እኔ አይደለሁም እንዴ? እከፍለዋለሁ ካልኩ እከፍለዋለሁ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ አንድ ነው ያልሽኝ? በሁለት ጊዜ አደርገዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ለሄራን እንዳትነግሪያት። ልጅቷ አታውቅም። እሷንም ደብቀዋት ነው።"

ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ "በቃ፣ አደራ" ብለው ዘጉ። ሄራን ቀስ ብላ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተመለሰች፤ በሩን ዘግታ ቧንቧውን ከፈተችና ውሃው ዝም ብሎ ሲፈስ አየችው።

ነገሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም። እትዬ ጤናዬ የሟች እናቷ ጓደኛ ናት፤ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። እናቷ በታመመችበት ክረምት ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ እነሱ ቤት እየመጣች ገላዋን ስታጥባት የነበረችው እሷ ናት። ካቻምና ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አቶ ተክለሚካኤል ይዘዋት ሄራን ወደምትሠራበት የቤት ዕቃ መደብር መጡ። ግራጫ የማዕዘን ሶፋ፣ ጠረጴዛና ምንጣፍ ገዛች፤ ከነታክሱ ከነማድረሻው ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ዶላር። የመደብሩን የዱቤ ካርድ ያወጣችላት ሄራን ናት። ከኖቬምበር እስከ ሜይ አሥራ ስምንት ወር ነው። የመክፈያው ቀን አልፏል ማለት ነው።

ወደ ወጥ ቤት ስትመጣ አባቷ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ ቀብተው፣ ሻይ ቀድተው ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ነው። ኤርፖርት መንገድ ላይ ካለው የመኪና ማቆሚያ ተሳፋሪ ወደ ተርሚናሉ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳሉ፤ በሰዓት አሥራ ዘጠኝ ዶላር ነው፤ ሻንጣም ያነሣሉ። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከአራት ወር ወዲህ ቅዳሜም ይገባሉ። ለምን ስትላቸው "ቤት ቁጭ ብዬ ከምውል" ይሏታል፤ እሷም ትተዋለች። አሁን ዳቦውን በቀኝ በኩል ብቻ ሲያኝኩ አየቻቸው። የግራ መንጋጋቸው በክረምት ተሰብሮ የጥርስ ሐኪሙ ለመሸፈኛ አንድ ሺህ አራት መቶ ጠይቋቸዋል። ማርች ላይ መቼ ነው የሚሠሩት ስትላቸው "ሐኪሙ ዕረፍት ወጥቷል" አሏት። ማርች፣ ኤፕሪል፣ ሜይ። የጥርስ ሐኪም ሦስት ወር ዕረፍት አይወጣም። ይህንንም ያኔ ማሰብ ትችል ነበር።

"ዛሬም ሥራ አለ?" አለቻቸው።

"ሎንግ ዊኬንድ ነው፣ ሰኞም በዓል ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ ይበራል።" ብርጭቆዋን ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። "ሻይሽ በረደ።"

ልትጠይቃቸው ፈለገች። እሳቸው ደግሞ እንዳትጠይቃቸው እንደፈለጉ ካቀረቀሩት አንገታቸው ታየ። ሻይዋን ጠጣች። አባቷ ቁልፋቸውን፣ መነጽራቸውን፣ የምሳ ዕቃቸውን ለቃቅመው "በይ" ብለው ወጡ። መኪናቸው ከሞንትቤሎ ሰፈራቸው ጠባብ መንገድ ወጥታ እስክትታጠፍ በመስኮት አየቻቸው፤ ከዚያ እሷም ፒዮሪያ ጎዳናን ይዛ፣ አይ ሰባ አውራ ጎዳናን ተሻግራ፣ ሃቫና ጎዳና ላይ ወዳለው መደብር ነዳች።

የሜሞሪያል ዴይ በዓል ቅናሽ ስለሆነ ከጣሪያው ላይ ቀይና ሰማያዊ ወረቀት ተንጠልጥሏል። ማናጀሩ ግሬግ ከመከፈቱ በፊት ሻጮቹን ሁሉ ሶፋዎቹ መካከል ሰብስቦ ዛሬ ከእያንዳንዱ ሻጭ ሁለት ሁለት አዲስ ካርድ እንደሚጠብቅ ነገራቸው። ለአንድ ካርድ ለሻጩ ሃያ አምስት ዶላር ይከፈላል። "እንዴት እንደሚደረግ የማታውቁ ሄራንን ጠይቁ" አለ፤ ሰው ሳቀ። ምሳ የሚበሉበት ክፍል ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው ጎን፣ ፎቶዋ ተሰቅሏል። አምና በመደብሩ ውስጥ ከእሷ የበለጠ ካርድ ያወጣ የለም። እሷ ከመቀጠሯ በፊት ወደዚያ መደብር የሚመጣ ሐበሻ አልነበረም ማለት ይቻላል። አባቷ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ "ልጄ እዚያ ናት፣ በአማርኛ ታስረዳችኋለች" ማለት ከጀመሩ ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ባልና ሚስት እየሆኑ፣ የእሷን ስም በር ላይ እየጠየቁ ይመጣሉ።

ስትቀጠር የሁለት ቀን ሥልጠና ነበራት። አሠልጣኟ ረጋ ያለች፣ ጥያቄ የማትሸሽ ሴት ነበረች። ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል አለቻቸው፤ በዓመት ሠላሳ በመቶ። ደንበኛው ግን አያየውም፣ ለብቻው ተይዞ ይቀመጣል። በመጨረሻው ቀን የዕቃው ዋጋ በሙሉ ተከፍሎ ካለቀ ወለዱ ይሰረዛል። አሥር ዶላር እንኳ ከቀረ የአሥራ ስምንቱም ወር ወለድ በአንድ ቀን ሂሳቡ ላይ ይወርዳል። ባንኩ በየወሩ ክፈሉ ብሎ የሚልከው ትንሹ ክፍያ ደግሞ ዕቃውን በአሥራ ስምንት ወር አይጨርሰውም። ከሌላ መደብር የመጣ አንድ ሰው እጁን አወጣ። "ታዲያ የተጠየቀውን፣ በሰዓቱ፣ አንድም ወር ሳያስተጓጉል የከፈለ ሰው ነው የሚያዘው ማለት ነው?" አሠልጣኟ ፈገግ አለች። "ሁሉም ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ወረቀቱን መስጠት እንዳትረሱ" አለች። ሄራን ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። በሚገባ ገብቷት ነበር።

መጀመሪያ መጀመሪያ ለሐበሻ ደንበኞቿ ሙሉውን ትነግር ነበር። በእንግሊዝኛ "ወለድ የለም" የሚለው ቀድሞ በትልቁ ይጻፍና ቅድመ ሁኔታው ከኋላ በትንሹ ይከተላል። በአማርኛ ግን መንገዱ ሌላ ነው። "በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ተከፍሎ ካለቀ" ሳይባል "ወለድ የለውም" የሚለው ላይ አይደረስም። ሰው "ካለቀ" የምትለዋን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። "ካላለቀስ?" ይላል። ስትነግረው "እስቲ እናስብበት" ብሎ ይወጣና አይመለስም። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቅዳሜ ዓረፍተ ነገሩን ከመጨረሻው ጀመረችው። "ወለድ የለውም። በየወሩ የሚመጣልዎትን መክፈል ብቻ ነው።" ሰውየው ፈረመ። ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችው፤ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ተጽፏል። እንዲህ በይ ብሎ ያዘዛት ማንም አልነበረም። ከዚያ በኋላም የተናገረችው እያንዳንዱ ነገር ለየብቻው ሲታይ ውሸት አልነበረም።

ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሸጠችውን ሁሉ ከቀኑ ጋር አወጣች። ሂሳቡ የባንኩ ስለሆነ ማን ስንት እንደቀረበት አይታያትም፤ የሽያጩ ቀንና ዋጋው ግን አለ። የሐበሾቹን ስም በአንድ የዕቃ ማድረሻ ቅጽ ጀርባ ላይ በእጇ ገለበጠች። አርባ ሦስት ሰው ሆነ። ከአርባ ሦስቱ የሃያ አራቱ ቀን አልፏል። የአሥራ ዘጠኙ ገና ነው። አርባ ሦስቱን በሃያ አምስት አባዛችው፤ አንድ ሺህ ሰባ አምስት ዶላር። ሁሉም ተደምሮ የእትዬ ጤናዬን ወለድ እንኳ አይሞላም።

በምሳ ሰዓቷ ምግብ ሳትበላ ኦሪጅናል ኦሮራ ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር ነዳች። እትዬ ጤናዬ ከኮልፋክስ ጎዳና አንድ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ባለ አንድ መኝታ፣ ኪራዩ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና። በሩን ስትከፍት የሥራ ልብሷን አላወለቀችም፤ ሄራንን ስታይ ደነገጠች፤ ወዲያው ደግሞ ድንጋጤዋን ለመደበቅ "ግቢ ግቢ፣ ምን እግር ጣለሽ" እያለች ሳመቻት። ሶፋው ከክፍሉ በላይ ነው። ሁለቱን ግድግዳ ሞልቶ የመስኮቱን ግማሽ ይዟል፤ የመኝታ ቤቱ በር ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጥበት በኩል በነጭ ዳንቴል ተሸፍኗል። ያን ቀን ትንሹን ልትገዛ ነበር የመጣችው። ሄራን ናት "ወርሃዊ ክፍያው እኮ ብዙ አይለያይም" ያለቻት።

"የባንኩን ወረቀት ያሳዩኝ እትዬ ጤናዬ" አለች ሄራን ሳትቀመጥ።

ጤናዬ መካድ አልቻለችበትም። ከመጋረጃው ሥር ካለ መሳቢያ አሥራ ስምንት ፖስታ አወጣች፤ በላስቲክ ታስረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ የከፈለችበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፏል። መቶ አሥራ አምስት፣ መቶ አሥራ አምስት፣ መቶ አሥራ አምስት። ሁለት ሺህ ሰባ ዶላር ከፍላለች፣ አንድ ቀን አልዘገየችም። አንድ ሺህ አራት መቶ አሥር ይቀራታል። ለብቻው ባስቀመጠችው አሥራ ዘጠነኛው ወረቀት ላይ ግን ሁለት ሺህ አምስት መቶ አርባ አንድ ይላል። "እኔ እኮ" አለች ጤናዬ፣ "መጀመሪያ የሌላ ሰው የመጣብኝ ነው የመሰለኝ።"

ሄራን ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ደውላ ስፒከር ላይ አደረገችው። ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙዚቃ ሰሙ። ጤናዬ በዚህ መካከል ብርቱካን ልጣ፣ ፈልፍላ፣ ሳህን ላይ አድርጋ አመጣችላት። በመጨረሻ አንድ ወጣት ወንድ አነሣ። ትሑት ነው። የጤናዬን ማንነት አረጋገጠ፣ ሂሳቡን አየ፣ በጣም ጥሩ ከፋይ መሆኗን መሰከረ፤ ወለዱ ግን በውሉ መሠረት መሆኑን፣ በየወሩ በሚላከው ወረቀት ላይም የመጨረሻው ቀን በሳጥን ውስጥ መታተሙን ገለጸ። ማድረግ የሚችለው፣ ለመልካም ደንበኝነቷ፣ አምሳ ዶላር መቀነስ ብቻ ነው። ሄራን ለጤናዬ ተረጎመችላት። "እግዚአብሔር ይስጠው በይልኝ" አለች ጤናዬ።

ስልኩ ተዘጋ። ታች አንድ ሰው መኪናውን ማስነሳት አቅቶት ይታገላል። ጤናዬ ፖስታዎቹን መልሳ በላስቲኩ እያሰረች "አትዘኚ፣ የኔው አለማንበብ ነው" አለች። "አባትሽንም አይሆንም ብያቸው ነበር። እኔን ብቻ ቢሆን እሺ። የፍቅረየሱስን ወለድ ሰባት መቶ ዘጠና ከፍለዋል። የኃይሌን ስድስት መቶ አርባ ከፍለዋል። የሰው ሁሉ ዕዳ የሳቸው ነው እንዴ?"

ሄራን የብርቱካኑን ሳህን ይዛ ቆመች። ሁለቱም ደንበኞቿ ነበሩ፤ አባቷ እንደከፈሉላቸው ግን አልሰማችም ነበር።

"ኃይሌማ ተቆጥቶ ነበር" ቀጠለች ጤናዬ። "አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ ልጅህ በልታብናለች አላቸው። አባትሽ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? በእናትሽ አፅም ማሉ። ልጄ አታውቅም፣ ብታውቅ ትነግራችሁ ነበር ብለው ማሉ። ከዚያ ማን ምን ይላል? እኔም ለሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ሕፃን ልጅ፣ እሷም ተቀጥራ ነው፣ ምን ታውቃለች።"

እዚህ ላይ መናገር ነበረባት። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበረ። "እትዬ ጤናዬ" አለች። ጤናዬ ግን ጉንጯን ዳበስ አድርጋ "ሂጂ ሥራሽ ይረፍድብሻል" አለቻት፤ ሄራንም እሺ ብላ ወጣች። ደረጃው ላይ ሳለች በዚያ "እሺ" ራሷን ታዘበች።

ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በረዶ ወረደ። በዚህ ወቅት እንደሚያደርገው ሰማዩ በአሥር ደቂቃ ጠቁሮ፣ የለውዝ ፍሬ የሚያክል በረዶ የመደብሩን ጣሪያ ይቀጠቅጥ ጀመር፤ ደንበኞች መስኮቱ ጋ ተሰብስበው መኪናቸውን በጭንቀት ያያሉ። ሸሽተው ከገቡት መካከል ሁለት ወጣቶች ሄራንን በስሟ ጠየቁ። ባልየው ስለሺ ይባላል፤ ቶርንተን ያለ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ሚስቱ ዮርዲ ሰባት ወሯ ነው፤ ወገቧን ይዛ ነው የምትሄደው። አልጋ፣ ቁም ሣጥንና የሕፃን አልጋ መረጡ። አራት ሺህ አንድ መቶ አርባ። ግሬግ ከሩቅ ሁለት ጣቱን አሳያት፤ ካርዱን እንዳትረሳ ነው።

ሄራን ጠረጴዛዋ ጋ አስቀመጠቻቸውና በአማርኛ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ሙሉውን ነገረቻቸው። ባንኩ በየወሩ የሚጠይቃችሁ መቶ ሠላሳ ስምንት ነው፤ እሱን ብቻ ከከፈላችሁ አያልቅም። በወር ሁለት መቶ ሠላሳ ነው መክፈል ያለባችሁ። በመጨረሻው ቀን አሥር ዶላር እንኳ ከቀረ የአሥራ ስምንቱም ወር ወለድ በአንዴ ይመጣል። ከሺህ ሦስት መቶ በላይ ይሆናል።

ስለሺ ወንበሩን ወደኋላ አደረገ። ፊቱ ላይ የታየው ምስጋና አልነበረም። "እዚህ የገዛችው እምነት ናት የላከችን" አለ። "እሷ እንዲህ አላለችንም። ወለድ የለውም ብላናለች። አንቺ እንደዚህ እንዳልሻት።"

"ለእምነት አልነገርኳትም" አለች ሄራን።

"ለምን?"

"ከነገርኩ ሰው አይገዛም።"

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ተነሥተው ፍራሾቹ መካከል ሄደው ይንሾካሾኩ ጀመር። በረዶው አልቆመም፤ ባይሆን ኖሮ ምናልባት ይወጡ ነበር። ሄራን ከሩቅ ታያቸው ነበር። ዮርዲ ከአንዱ ፍራሽ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። ስለሺ ቆሞ ስልኩ ላይ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ እንደገና ይደምራል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። "እንወስደዋለን" አለ ስለሺ። "መሬት ላይ ልትተኛ አትችልም።" ዮርዲ "ሁለት መቶ ሠላሳ እንችላለን?" አለችው። "እንችላለን" አላት፣ ሳያያት። ሄራን ባዶ ወረቀት ላይ 230 ብላ በትልቁ ጻፈች፤ ከሥሩ የመጨረሻውን ቀን። ማቀዝቀዣችሁ ላይ ለጥፉት አለቻቸው። ኮምፒውተሩ ካርዱን አጸደቀ። ፈረሙ። ግሬግ ሲያልፍ ትከሻዋን መታ አደረጋት። እውነቱን ከተናገረች ቀለል የሚላት መስሏት ነበር። የተሰማት የእግሯ ሕመም ብቻ ነው፣ ሃያ አምስት ዶላሯም ገብታለች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አባቷ ሳሎን ውስጥ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል፤ የሱሪያቸው እግር እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሏል። ቴሌቪዥኑ ያለ ድምፅ ክፍት ነው። "ምስር ሠርቻለሁ፣ አሙቂና ብይ" አሏት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"አባባ፣ ጠዋት ስልክ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።"

አቶ ተክለሚካኤል ቀና አላሉም።

"እትዬ ጤናዬ ቤት ሄጄ ነበር። የፍቅረየሱስንና የኃይሌንም ነገረችኝ። አታውቅም ብለው እንደማሉም ነገረችኝ።" አንድ ጊዜ ተነፈሰች። "አውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"ሙሉውን። ከመጀመሪያው ቀን።"

አባቷ እግራቸውን ውሃው ውስጥ አንቀሳቀሱ። ውጭ የጎረቤት ልጆች በረዶው የሰበረውን የአበባ ቅጠል እየረገጡ ብስክሌት ይነዳሉ። ሄራን "ወረቀቱ ላይ እኮ አለ፣ ወረቀቱን ሁልጊዜ..." ስትል እጃቸውን አነሡ።

"ወረቀቱን ተይው። ጤናዬ ወረቀቱን አልጠየቀችም። አንቺን ነው የጠየቀችው።" ድምፃቸው አልጨመረም። "እኔ አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን ያልጠየቅሁሽ ለምን ይመስልሻል? ጥርሴን ትቼ፣ ቅዳሜዬን ትቼ ስከፍል፣ ማታ ማታ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ስትበዪ፣ አንድ ቃል ያልጠየቅሁሽ?"

ሄራን ቦርሳዋን ከጭኗ ወደ ወለሉ አወረደች።

"አሁን ያልሽኝን እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው።"

ሄራን ማልቀስ ጀመረች። አቶ ተክለሚካኤል አላባበሏትም፤ አልተቆጡም። እግራቸውን አንድ በአንድ አውጥተው በፎጣ አደራረቁ፤ ውሃውን ራሳቸው ተሸክመው ሄደው ደፉት፤ በወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ውጭ እያዩ ትንሽ ቆሙ። "በእናትሽ አፅም ነው የማልኩት" አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧት። ከዚያ በላይ ስለ መሐላው አልተናገሩም።

"የእትዬ ጤናዬን እኔ እከፍላለሁ" አለች ሄራን። "የሁለቱንም እመልስልዎታለሁ።"

"ትከፍያለሽ። እሱ ሌላ ነገር ነው።" ተመልሰው መጥተው ተቀመጡ። "ቀኑ ያልደረሰ ሌላ ሰው አለ?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"ስማቸውን ታውቂዋለሽ?"

ማድረሻ ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሁሉንም ያውቋቸዋል፤ አንዳንዱ ስም ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቀናቸው ካልደረሰው መካከል የመጀመሪያዋ አልጣሽ ናት፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ ሴት። አልጋና መሳቢያ፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ፣ በወር ሰማንያ ስድስት። ቀኗ ሊሞላ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አቶ ተክለሚካኤል ስልካቸውን አውጥተው ቁጥሯን ፈለጉ፣ ደወሉ፤ መጥራት ሲጀምር ለሄራን ዘረጉላት።

"እርስዎ ያናግሯት አባባ። እኔን..."

"እኔ አልናገርም። እኔ ብዙ ተናግሬያለሁ።"

ተቀበለቻቸው። ከወዲያ ማዶ ስልኩ ተነሣ፤ የቴሌቪዥንና የልጆች ጫጫታ ይሰማል። "አቤት አቶ ተክለሚካኤል!"

"እኔ ነኝ እትዬ አልጣሽ፣ ሄራን ነኝ።"

"ውይ ሄራንዬ! እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? አባትሽ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። አጠገቤ ናቸው።"

"ሁልጊዜ ነው የምመርቅሽ። ልጁ እኮ ከአልጋው ላይ አልነሣ ብሎኛል። ከዚያ በፊት ሶፋ ላይ ነበር የሚተኛው፤ አንቺ ባትኖሪ ማን ይሰጠኝ ነበር?"

ሄራን ዓይኗን ጨፈነች። "እትዬ አልጣሽ፣ ያን ቀን ወለድ የለውም ብዬዎት ነበር። አለው። ተከፍሎ ካላለቀ አለው። አውቅ ነበር፣ አልነገርኩዎትም።"

"አልሰማሁሽም" አለች አልጣሽ። ልጆቹን ዝም በሉ አለቻቸው። ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ሄራን ደገመችው። ቀጥላም እስካሁን የከፈለችው የተጠየቀችውን ብቻ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ አልጣሽ አዎ አለች። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት እንደሚቀራት፣ እሱ ካልተከፈለ ደግሞ ሌላ ስምንት መቶ አርባ እንደሚጨመርባት ነገረቻት።

"ስንት ቀን አለኝ?"

"አሥራ ሁለት።"

ሄራን እንድትሰድባት ጠበቀች፤ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

"ቆይ፣ እስክሪብቶ ላምጣ" አለች አልጣሽ። "የኔ ልጅ" አላለችም።

የእግር ኮቴ ራቀ፤ መሳቢያ ተከፍቶ ተዘጋ። አቶ ተክለሚካኤል ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሁለተኛው ስም ላይ ጣታቸውን አኑረዋል። ሄራን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ጠበቀች።